ለሸክላ ማጫወቻዎ የሚስማማውን መርፌና ካርትሪጅ መምረጥና መግጠም

ዘፋኙ "ሰ"ን እና "ሸ"ን ባነሳ ቁጥር ድምፁ እንደ አሸዋ የሚፋጭ ከሆነ፣ ዘፈኑ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ሳክስፎኑና ኦርጋኑ አንድ ላይ የሚቦኩ ከሆነ፣ ብዙ ሰው የሚፈርደው በሸክላው ላይ ነው። "አርጅቷል" ተብሎ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያረጀው መርፌው ነው። ያለቀ መርፌ ደግሞ ድምፅ አበላሽቶ ብቻ አይተውም። አልማዙ በሁለቱም ጎኑ ተበልቶ ስለት ያወጣል፣ ስለቱም ድምፁ የተቀረጸበትን ቦይ ግድግዳ እየላገ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በአምሃ ሬከርድስ፣ በካይፋና በፊሊፕስ ስም የወጡት ባለ 7 ኢንች 45ቶች (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትንንሽ ሸክላዎች) የመጀመሪያ ቅጂዎች አንዴ ከተላጉ አይመለሱም። መርፌ በጥንቃቄ የሚመረጠው እነሱን ለማቆየት ነው።

አመራረጡ ቅደም ተከተል አለው። መርፌውን የሚወስነው ካርትሪጁ ነው፣ ካርትሪጁን የሚወስኑት ክንዱና አምፕሊፋየሩ ናቸው፣ የጫፉን ቅርፅ ደግሞ ቤት ያለው ሸክላ ይወስነዋል። ከጫፉ ቅርፅ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ የማይገጥም ዕቃ ይገዛል።

መርፌ ሲባል ጫፉ ላይ አልማዝ የተተከለበት ቀጭን ዘንግና ዘንጉን የያዘው ትንሽ ፕላስቲክ ነው። ካርትሪጅ መርፌው የሚሰካበት፣ እንቅስቃሴውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ሳጥን ነው። ካርትሪጁ የሚታሰርበት የክንዱ ራስ ሄድሼል ይባላል።

ጥፋቱ በእርግጥ የመርፌው ነው?

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የስልክዎን መብራት ከጎን አብርተው ጫፉን ይዩት። ብዙ ጊዜ አልማዙ ላይ የተጠቀለለ የአቧራ ኳስ ያገኛሉ። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይዘው ከኋላ ወደ ፊት ብቻ ይጥረጉ፣ ማለትም ሸክላው ከመርፌው ሥር በሚሄድበት አቅጣጫ። ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ከጠረጉ ዘንጉ ይታጠፋል። በጣት መንካት ጨርሶ የለም።

ድምፅ የሚወጣው በአንድ ስፒከር ብቻ ከሆነ አምፕሊፋየሩን አጥፍተው ከማጫወቻው የሚመጡትን የግራና የቀኝ ሶኬቶች ያቀያይሩ። ዝም ያለው ስፒከር ከተቀየረ ችግሩ ማጫወቻው ጋ ነው፦ ወይ ካርትሪጁ፣ ወይ ሄድሼሉ ውስጥ የላላ ሽቦ። ካልተቀየረ ችግሩ ያለው አምፕሊፋየሩ ወይም ስፒከሩ ዘንድ ስለሆነ መርፌ አይግዙ።

ዘፈኑ የሚጎተትና ድምፁ የወፈረ ከሆነም ከመርፌው ጋር አይገናኝም። ከአሜሪካ የመጣ፣ ሞተሩ ፍጥነቱን ከመብራቱ ኸርዝ የሚወስድ አሮጌ ማጫወቻ በ60 ኸርዝ ፈንታ በእኛ 50 ኸርዝ ሲሠራ ወደ 17 በመቶ ገደማ ይዘገያል። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አያስተካክልም።

ንጹሕ መሆኑን የሚያውቁት ሸክላ መጀመሪያው ላይ ጥሩ ሆኖ ወደ መሃል ሲጠጋ የሚንሻፈፍ ከሆነ፣ ጫፉም ቆሻሻ ከሌለበት፣ መርፌው ማለቁን ይጠርጥሩ። ከ40 እስከ 60 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሲታይ ያለቀ አልማዝ በግራና በቀኙ እንደ መስታወት ብልጭ የሚሉ ሁለት ጠፍጣፋ ቦታዎች አሉት። አዲስ ጫፍ ላይ እነዚህ የሉም።

ዕድሜውን በሰዓት ማስላት ይቻላል። የጃፓኑ አምራች ኦዲዮ-ቴክኒካ እንደ ጫፉ ቅርፅ (ቅርፆቹ ከታች ይብራራሉ) ለክብ ጫፍ 500፣ ለሞላላ 300፣ ለሺባታ 800፣ ለማይክሮላይን 1,000 ሰዓት ይሰጣል። የኤልፒ (ባለ 33 ዙር ትልቁ ሸክላ) አንድ ገጽ 20 ደቂቃ ቢሆን 300 ሰዓት ማለት 900 ገጽ ነው፤ በቀን ሦስት ገጽ ለሚያዳምጥ ሰው አሥር ወር ገደማ። ርካሽ ማጫወቻዎች ላይ ያለው የሰንፔር ጫፍ ግን ዕድሜው በአሥራዎች በሚቆጠር ሰዓት የተወሰነ ነው። አገልግሎት ላይ የዋለ ማጫወቻ ከገዙ፣ ሻጩ ምንም ቢል፣ መርፌው አልቋል ብለው ይነሱ።

ያለዎትን ካርትሪጅ ይለዩ

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ ስህተቱ ሁሉ የሚሠራው እዚህ ነው። የማጫወቻውን ሞዴል ብቻ ይዞ መርፌ መግዛት አያዋጣም፣ ምክንያቱም በ40 ዓመት ውስጥ አንዱ ባለቤት ካርትሪጁን ቀይሮት ሊሆን ይችላል። የሚፈለገው ካርትሪጁ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ፊቱን፣ ሁለቱን ጎኖችና መርፌው ሲወጣ የሚታየውን የፕላስቲኩን ውስጥ ይዩ። ምንም ካልተገኘ ካርትሪጁን ከሄድሼሉ ይፍቱት፣ አንዳንዱ ጀርባው ላይ ነው የተጻፈበት።

ሴራሚክ፦ በሻንጣ መልክ የሚሸጡት አዳዲስ ማጫወቻዎች አብዛኞቹ ቀይ መርፌ ያለው የሴራሚክ ካርትሪጅ አላቸው። የድሮዎቹ ሬዲዮግራሞችም የዚሁ ዘር ናቸው፤ ብዙዎቹ የምትገለበጥ ትንሽ መያዣ አላቸው፣ በአንዱ ጎን ለ33 እና 45፣ በሌላው ለ78 የሚሆን ጫፍ ያለባት። ሴራሚክ የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ምልክት ቀጥሎ ከሚመጣው ከማግኔታዊው በብዙ አሥር እጥፍ ስለሚበልጥ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም። በሻንጣው ማጫወቻ ላይ ማግኔታዊ ካርትሪጅ ልግጠም የሚል ሰው ድምፅ አይሰማም፤ ቢሰማም ክንዱ ክብደት ማስተካከያ ስለሌለው ቀላሉን መርፌ ይጨፈልቀዋል። እዚያ ላይ የሚደረገው ተመሳሳዩን መርፌ መግዛት ነው፣ ሲቻልም የሰንፔሩን ትቶ የአልማዙን። ሬዲዮግራም ላይ አዲስ መርፌ ተገጥሞም ድምፁ ደክሞ ከቀረ መርፌው አልተሳሳተም፦ በአሮጌዎቹ ክሪስታል ካርትሪጆች ውስጥ ያለው ጨው መሳይ ክሪስታል በእርጥበት ይሞታል። ያኔ የሚቀየረው ካርትሪጁ ነው፣ በሴራሚክ።

ማግኔታዊ ባለ ሁለት ብሎን፦ በብሎኖቹ መካከል 12.7 ሚሊ ሜትር ርቀት ያለው የተለመደው ዓይነት ነው። ምልክቱ ከ2.5 እስከ 5.5 ሚሊ ቮልት ስለሆነ አምፕሊፋየሩ "ፎኖ" የሚል መግቢያ ወይም ለብቻው የተገዛ ፎኖ ፕሪአምፕ (ደካማውን ምልክት የሚያጎላ ትንሽ ሳጥን) ይፈልጋል። ምርጫው ሰፊ የሚሆነው ለዚህ ዓይነት ነው።

ባለ አንድ ብሎን ተሰኪ፦ ፒ-ማውንት ይባላል። ካርትሪጁ በአራት እግር ክንዱ ውስጥ ተሰክቶ በአንድ የጎን ብሎን ይታሰራል። ክብደቱ 6 ግራም፣ የመርፌው ጫና (መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፍበት ክብደት) 1.25 ግራም ተብሎ ስለተወሰነ የሚስተካከል ነገር የለም። ፒ-ማውንት የሚል ምልክት ያለውን ይግዙ፣ ይሰኩ፣ ያጫውቱ።

ሙቪንግ ኮይል የሚባለው ውድ ዓይነት ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ቮልት ብቻ ነው፣ መርፌውም በቤት ውስጥ አይቀየርም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀይር ሰው አይመከርም።

መርፌ ብቻ ወይስ ካርትሪጁ በሙሉ?

ካርትሪጁ ጤነኛ ከሆነና ትክክለኛ መርፌ የሚገኝለት ከሆነ መርፌው ብቻ ይበቃል። ርካሽ ማጫወቻዎች ላይ በብዛት ያለው የኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲ3600ኤል ለምሳሌ ኤቲኤን3600ኤል የሚባለውን መርፌ ይቀበላል፣ ጫናው ከ2.5 እስከ 3.5 ግራም ነው። ሹር እ.ኤ.አ. በ2018 ካርትሪጅና መርፌ ማምረት አቁሟል፤ ሆኖም ኤም44ን የመሰሉ የሹር ካርትሪጆች ያሏቸው ሰዎች በጃፓኑ ጂኮ የሚሠሩ መርፌዎችን ማግኘት ይችላሉ። ስም የለሽ ቅጂዎችን በጥንቃቄ ይያዙ፦ ፕላስቲኩ ይገጥማል፣ አልማዙ ግን ተጣሞ የተጣበቀ ሊሆን ይችላል።

ካርትሪጁን በሙሉ መቀየር የሚሻለው መርፌው ከአዲስ ካርትሪጅ እኩል ሲያስከፍል ወይም አንዱ ቻናል ውስጡ ሲቃጠል ነው። ያኔ ነገ መርፌው በቀላሉ የሚገኝለትን ይምረጡ። የኦዲዮ-ቴክኒካ ቪኤም95 ቤተሰብ አካሉ አንድ ነው፤ የክቡ፣ የሞላላው፣ የማይክሮላይኑ፣ የሺባታውና የ78ቱ መርፌ ሁሉም እየተፈራረቀ ይሰካበታል። የኦርቶፎን 2ኤም ሬድም የ2ኤም ብሉን መርፌ ይቀበላል፣ የሚመከረው ጫናም 1.8 ግራም ነው።

አዲሱ ካርትሪጅ ከክንዱ ጋር መስማማት አለበት። ክንድና ካርትሪጅ አንድ ላይ የሚርገበገቡበት ድግግሞሽ አላቸው፣ እሱም ከ8 እስከ 12 ኸርዝ ቢወድቅ ይመረጣል። ስሌቱ፦ የክንዱን ውጤታዊ ክብደት፣ የካርትሪጁን ክብደትና የብሎኖቹን ይደምሩ፤ በካርትሪጁ ልስላሴ ቁጥር (ዘንጉ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚንቀሳቀስ የሚያሳይ፣ በአምራቹ ወረቀት ላይ compliance የሚባል) ያባዙ፤ ስኩዌር ሩቱን ይውሰዱ፤ 159ን ለእሱ ያካፍሉ። 12 ግራም የሆነ ክንድ፣ 6.1 ግራም የሆነው ቪኤም95ኢ፣ 1 ግራም ብሎን፣ ልስላሴው 12 ቢሆን፦ 19.1 ሲባዛ በ12 ወደ 229፣ ሩቱ 15.1፣ ውጤቱ 10.5 ኸርዝ። ጥሩ ነው። በአንጻሩ 20 ግራም ክንድ ላይ፣ በዚያው 1 ግራም ብሎን፣ 6 ግራም የሆነና ልስላሴው 30 የደረሰ የድሮ ካርትሪጅ ከሰቀሉ 5.6 ኸርዝ ይመጣል፤ ትንሽ የተጣመመ ሸክላ ክንዱን ያንሳፍፈዋል። ጃፓን ሠራሽ ካርትሪጆች ልስላሴውን የሚጽፉት በ100 ኸርዝ ተለክቶ መሆኑን አይርሱ፤ ከ1.5 እስከ 2 በሚሆን ቁጥር ማባዛት ያስፈልጋል። ለቪኤም95ኢ የተጻፈው 7 ነው፣ 12 ያልነው ከዚያ ተነስተን ነው።

የጫፉ ቅርፅ፦ ቤት ያለው ሸክላ ምን ዓይነት ነው?

ክብ ጫፍ 18 ማይክሮን ገደማ ራዲየስ አለው። ርካሽ ነው፣ ትንሽ የአገጣጠም ስህተትን ይታገሣል፣ ከፍተኛውን ድምፅ ግን በተለይ ወደ መሃል ሲጠጋ ሙሉ በሙሉ አያነብም። ሞላላው በአብዛኛው 8 በ18 ማይክሮን ነው፤ ጠባቡ ጎኑ የቦዩን ጥቃቅን ሞገድ ይከተላል። ማይክሮላይንና ሺባታ ግድግዳውን በረጅም ቀጭን መስመር ስለሚነኩ ከሁሉም የበለጠ ያነባሉ፣ ትክክል ካልተገጠሙ ግን ዋጋቸው በከንቱ ይቀራል።

አብዛኛው ሸክላዎ ብዙ ቤት የዞረ፣ ቡና ቤት ውስጥ በከባድ ክንድ የተጫወተ 45 ከሆነ ክብ ጫፍ አይናቁ። ቀጭኑ ጫፍ አሮጌ ሸክላ ላይ ሁለት ዓይነት ውጤት አለው። አንዳንዴ የድሮው መርፌ ያልደረሰበትን የግድግዳ ክፍል አግኝቶ ዘፈኑን ከሞት ያነሳዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ እያንዳንዱን ቁስል አጉልቶ ያሰማል። የሚታወቀው በመሞከር ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ በጣም ውድ መርፌ ከመግዛት በአንድ የቪኤም95 አካል ላይ ሁለት መርፌ መያዝ ይሻላል፦ ለተጎዱት 45ቶች ክቡን፣ ለንጹሕ ኤልፒዎች ሞላላውን ወይም ማይክሮላይኑን። ሁለቱም በ2 ግራም ስለሚሠሩ ሲቀያይሩ ክብደት ማስተካከል አያስፈልግም።

ሸክላው ሞኖ ከሆነና አምፕሊፋየሩ የሞኖ ቁልፍ ካለው ይጫኑት። በሞኖ ሸክላ ላይ ሙዚቃው ያለው መርፌው ወደ ጎን በሚወዛወዘው ውስጥ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘለው አቧራና ጭረት ብቻ ነው። ቁልፉ ያንን ይሰርዘዋል፣ ልዩነቱም ወዲያው ይሰማል።

ሸክላ የሚለው ስም በትክክል የሚገባው ለ78ቶቹ ነው፤ ከወደቁ እንደ እንስራ ይሰበራሉ። ቦያቸው ሰፊ ስለሆነ ወደ 75 ማይክሮን የሚደርስ የራሱ መርፌ ይፈልጋል። በኤልፒ መርፌ ከተጫወቱ ጫፉ ወለሉ ላይ ወርዶ ቆሻሻውን ይጠርጋል፤ የ78 መርፌ ኤልፒ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ሸክላው ያልቃል። በአልኮል አይጥረጓቸው፣ አልኮል የተሠሩበትን ሙጫ ያሟሟዋል።

አገጣጠም

መርፌ ብቻ ከሆነ የሚቀየረው፦ አምፕሊፋየሩን ያጥፉ፣ ክንዱን ማረፊያው ላይ ይቆልፉ፣ ካርትሪጁን በአንድ እጅ ደግፈው የመርፌውን ፕላስቲክ ግራና ቀኙን ይዘው ያውጡት። ብዙዎቹ በቀጥታ ወደ ፊት ይወጣሉ፤ ኤቲ3600ኤል ግን ከፊት በኩል ወደ ታች ተጎትቶ ነው የሚላቀቀው። አዲሱ ሲገባ ጠቅ ይላል። በፕላስቲኩና በካርትሪጁ መካከል ክፍተት ከታየ አልገባም ማለት ነው።

ካርትሪጁ በሙሉ ከሆነ ትንሽ ካቻቪቴ፣ ወረንጦ፣ 0.01 ግራም የሚለካ ዲጂታል ሚዛንና የታተመ የማስተካከያ ካርታ (ካርትሪጁ በትክክለኛ ማዕዘን እንዲቀመጥ የሚያሳይ፣ ነጥብና መስመር ያለው ወረቀት) ያዘጋጁ። የመርፌው መከለያ እስከ 4ኛው ደረጃ ድረስ አይነሳም።

1. አራቱን ሽቦዎች ከአሮጌው ካርትሪጅ በወረንጦ ይሳቡ። የሚያዘው በሽቦው ሳይሆን በጫፉ ባለው ብረት ነው፣ ሽቦው ከተሳበ ይበጠሳል።
2. አዲሱን ካርትሪጅ በሁለቱ ብሎኖች አላልተው ይሰሩት። ቪኤም95 እና 2ኤም ራሳቸው ጥርስ ስላላቸው ዳዶ አይፈልጉም።
3. ሽቦዎቹን ይሰኩ፦ ነጭ የግራ ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊ የግራ ኔጋቲቭ፣ ቀይ የቀኝ ፖዘቲቭ፣ አረንጓዴ የቀኝ ኔጋቲቭ። የሽቦው ብረት ከላላ በስቴኪኒ ላይ አድርገው በቀስታ ያጥብቡት። የካርትሪጁን እግር በፍጹም አይበይዱ፣ ሙቀቱ ውስጥ ያለውን ጥቅልል ያቃጥላል።
4. አንቲ-ስኬቱን (ክንዱ ወደ መሃል እንዳይሳብ የሚከላከለውን ማስተካከያ) ዜሮ አድርገው መከለያውን ያንሱ፣ ክንዱ በአየር ላይ አግድም እስኪንሳፈፍ የኋላውን ክብደት ያዙሩ። ቁጥር ያለውን ቀለበት ብቻ ይዘው ዜሮ ላይ ያድርጉት፣ ከዚያ ክብደቱን ከነቀለበቱ ወደሚፈለገው ግራም ያዙሩ። በዲጂታል ሚዛን ያረጋግጡ። የሚዛኑ መቀመጫ ብረት ከሆነ ካርትሪጁ ውስጥ ያለው ማግኔት ስለሚሳበው ቁጥሩ ይዋሻል።
5. ካርታውን አስቀምጠው ካርትሪጁን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንሸራተቱ ጫፉ ሁለቱም ነጥቦች ላይ ሲቀመጥ ጎኖቹ ከመስመሮቹ ጋር እንዲተካከሉ ያድርጉ። ካርታው በ100 በመቶ መታተሙን በማስመሪያ ይለኩ። ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ላይ ከሄድሼሉ ጎማ እስከ መርፌው ጫፍ 52 ሚሊ ሜትር ነው።
6. ብሎኖቹን እያፈራረቁ ያጥብቁ። ኃይል አይጨምሩ፣ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ከዚያ ጫናውን እንደገና ይለኩ።

የካርታው ምርጫ ለ45 ወዳጆች ልዩ ጉዳይ ነው። በብዛት የሚታተመው የቤርዋልድ ካርታ ነጥቦቹን ከሸክላው መሃል 66 እና 120.9 ሚሊ ሜትር ላይ ያደርጋል። የ7 ኢንች ሸክላ ሙዚቃ ግን ከመሃሉ እስከ 54 ሚሊ ሜትር ድረስ ሊጠጋ ይችላል፣ ስለዚህ ስህተቱ ከፍ የሚለው ልክ ዘፈኑ ሲያልቅ ነው። የስቲቨንሰን ካርታ የውስጡን ነጥብ 60.3 ላይ ስለሚያደርገው ለ45ቶች ይመረጣል።

ጫናን መቀነስ ሸክላን ያተርፋል የሚለው የተለመደ እምነት ትክክል አይደለም። ከሚገባው በታች የቀለለ መርፌ ቦዩ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይቀጠቅጣል። ከ1.8 እስከ 2.2 ተብሎ ከተጻፈ 2 ላይ ያድርጉ፤ ጥርጣሬ ካለ ወደ ላይኛው ጠጋ ይበሉ።

አንቲ-ስኬቱን ከጫናው ቁጥር ጋር እኩል በማድረግ ይጀምሩ። ሲያጫውቱ ቀኙ ስፒከር ቀድሞ ከተንሻፈፈ ጥቂት ይጨምሩ፣ ግራው ከቀደመ ይቀንሱ። ከፊት ለፊት ሲታይ ካርትሪጁ ወደ ጎን ማዘንበል የለበትም፤ ከጎን ሲታይ ክንዱ ከሸክላው ጋር ትይዩ ይሁን። ከባድ ጉርምርምታ ከተሰማ ከማጫወቻው የሚወጣው የምድር ሽቦ አምፕሊፋየሩ ላይ መታሰሩን ይዩ። ድምፁ ባዶና ቤዙ የጠፋ ከሆነ የአንዱ ቻናል ሁለት ሽቦዎች ተገላብጠዋል።

ከውጭ በሚመጣ ሰው የሚያስመጡ ከሆነ

ሞዴሉን በቃል ብቻ አይላኩ። የካርትሪጁን ፊት፣ ጎንና መርፌው የወጣበትን ቀዳዳ ሦስት ፎቶ አንስተው ይላኩ፣ የምትገዛው እህትዎም ሆነች ወዳጅዎ ከሻጩ ፎቶ ጋር እንድታስተያይ። ዕቃው ሲደርስ ሳይሰኩት ከፊት ለፊት ይዩት፦ ዘንጉ ቀጥ ያለና ከመሃል ያልወጣ፣ አልማዙም ወደ ታች ቀጥ ብሎ የቆመ መሆን አለበት። ካልሆነ ሳይጫወትበት ይመለስ። የገባበትን ቀን በትንሽ ወረቀት ጽፈው ማጫወቻው ሥር ይለጥፉ። የመርፌውን ማሸጊያም አይጣሉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚፈለገው ቁጥር እዚያ ላይ ነው ያለው።